የሶሎው ባለቤት ማን ነው? የኦርኬስትራ ክላሪኔት ተጫዋች ዝግጅትና ከመሪው ጋር ያለው የሥራ ግንኙነት

ለፋኩልቲው ተማሪዎችና መምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፣ ሙሉ ቃል



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥኩት ርእሰ ጉዳይ ከሩቅ ሲታይ ጠባብ ይመስላል። በአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ከሰማንያ እስከ መቶ ሙዚቀኞች ሲቀመጡ ክላሪኔት የሚይዙት ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ናቸው። ከእነርሱም መካከል አንደኛው ተጫዋች ብቻውን የሚሰማው በአንድ ምሽት ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። ስለ እነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ረጅም ንግግር ማድረግ ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተጨምቆ ይገኛል። ስለ አንድ ዜማ የየራሳቸው ጽኑ አሳብ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች፣ በብዙ ሕዝብ ፊት፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ፣ እንዴት አድርገው አንድ ነገር ይሠራሉ? አንዱ ትንፋሹን ይዟል፤ ሌላው በትሩን ይዟል። ዜማው የማን ነው?

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «መሪ» ስልም በኦርኬስትራው ፊት ቆሞ በእጁ ወይም በበትሩ የሚመራውን ሰው ማለቴ ነው።

በራሴ ስሕተት ልጀምር

የዶክትሬት ትምህርቴን በውጭ አገር በምከታተልበት ዘመን በአንድ ኦርኬስትራ ውስጥ አንደኛ ክላሪኔት ሆኜ እጫወት ነበር። በአንድ ወቅት የሰርጌይ ራክማኒኖፍ ሁለተኛ ሲምፎኒ ለመድረክ ተመረጠ። ራክማኒኖፍ ይህን ሥራ የጻፈው በ1906 እና በ1907 በጀርመኗ ድሬስደን ተቀምጦ ሲሆን፣ በ1908 በሴንት ፒተርስበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ የመራውም እርሱ ራሱ ነበር። ሦስተኛው ክፍል አዳጆ ነው፤ ይኸውም ዝግ ብሎ የሚሄድ ማለት ነው። ቫዮሊኖቹ አንድ አጭር፣ ወደ ላይ የሚመዘዝ ሐረግ ብለው ዝም ሲሉ፣ ክላሪኔቱ በክር መሣሪያዎቹ ለስላሳ ድምፅ ላይ ሆኖ ብቻውን ይጀምራል። የሚያዜመውም በኦርኬስትራ ሙዚቃ ውስጥ ለክላሪኔት ከተጻፉት ሶሎዎች ሁሉ እጅግ ረጃጅም ከሚባሉት አንዱ ነው። ዜማው ወደ ማረፊያው የደረሰ ሲመስል ሳያርፍ ይታጠፋል፤ እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ይታጠፋል። ተጫዋቹም ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ አጥቶ ይጨነቃል።

ለዚህ ሶሎ ሦስት ወር ተዘጋጀሁ። የትንፋሽ ቦታዎቼን በቀይ እርሳስ አሰመርኩ። የእያንዳንዱን ሐረግ ጫፍ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ መጠን ወሰንኩ። ፍጥነቱንም በሜትሮኖም ለካሁት። የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ሲደርስ መሪው ክፍሉን እኔ ካጠናሁት ዝግ አድርገው ጀመሩት። እኔ ወደ ለመድኩት ፍጥነት ልስባቸው ሞከርኩ፤ የክር መሣሪያዎቹ ግን ከእርሳቸው አልተለዩም። ከሶሎው ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንደተጓዝኩ፣ ዜማው ወደ ከፍታው ሊወጣ ሲል ትንፋሼ አለቀ። ማንም ሊተነፍስበት በማይገባ ቦታ ሐረጉን ቆርጬ ተነፈስኩ። መሪው አላቆሙም፤ ፊታቸውንም አላጠቆሩም። በዕረፍት ሰዓት ግን ወደ መቀመጫዬ መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤ «በደንብ ተዘጋጅተሃል። የተዘጋጀኸው ግን ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ዛሬ አይደለም።»

ይህን ቃል ላለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ለተማሪዎቼ ሳስተላልፍ ኖሬአለሁ። የዛሬው ንግግሬም የዚህ ቃል ማብራሪያ ነው። አንድ ተጫዋች ሶሎ ሲያጠና አንድ ትክክለኛ መልስ ፈልጎ እርሱን ቢሸመድድ፣ መሪው ሌላ ጥያቄ የጠየቀ ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል። በሚገባ የተዘጋጀ የሚባለው ለብዙ ጥያቄዎች የሚሆን መልስ ይዞ የሚመጣው ነው።

መሣሪያው የሚፈቅደውና የሚከለክለው

ስለ ዝግጅት ለመናገር መሣሪያውን በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ክላሪኔት በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመኗ ኑረምበርግ ከተማ፣ በመሣሪያ ሠሪው ዮሐን ክሪስቶፍ ዴነር አውደ ጥናት የተወለደ መሣሪያ ነው። የውስጡ ቀዳዳ ከላይ እስከ ታች በአመዛኙ እኩል ስፋት ያለው ነው፤ በአፍ በኩልም እንደተዘጋ ቱቦ ይሠራል። በዚህም ምክንያት ተጫዋቹ ጣቶቹን ሳይለውጥ ወደ ላይኛው የድምፅ ክልል ሲሻገር፣ እንደ ፍሉት ስምንተኛውን ድምፅ ሳይሆን አሥራ ሁለተኛውን ያገኛል። የታችኛው ክልል ጨለም ያለና የሞቀ ነው፤ የላይኛው ብሩህና የጠራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መሻገሪያ ደግሞ ቀጠን ያለ ድምፅ አለው። በሶሎ ውስጥ ይህን መሻገሪያ አድማጭ ሳያውቅ ማለፍ የዓመታት ሥራ ነው።

ክላሪኔት ከትንፋሽ መሣሪያዎች ሁሉ ተለይቶ የተሰጠው ጸጋ ዝምታን የመቅረብ ችሎታው ነው። ድምፁ ከምንም ተነሥቶ፣ መቼ እንደጀመረ ሳይታወቅ ሊሰማ ይችላል። ወደ ምንምም ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል። የሙዚቃ ደራሲዎች ይህን ስለሚያውቁ እጅግ ለስላሳ የሆኑትን ሐረጎቻቸውን ለክላሪኔት ይሰጣሉ። ጸጋው ግን ዕዳም አለበት። ክላሪኔት በለስላሳ ሲነፋ ቅኝቱ ከፍ ማለት ይወዳል፤ በኃይል ሲነፋ ዝቅ ይላል። ፍሉት የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ዜማ አብረው ይዘው ድምፃቸውን ቀስ በቀስ ሲያሳድጉ፣ ካልተጠነቀቁ በስተቀር ቅኝታቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይለያያል።

የኦርኬስትራ ተጫዋች በተጨማሪ ሁለት ክላሪኔቶች ይዞ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢ ፍላት፣ ሌላው ኤ ይባላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ደራሲው በጻፈው መሠረት ተጫዋቹ በሥራው መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ይለውጣል፤ ከንፈሩ የለመደውን አፍ መንፊያም ከነሪዱ ነቅሎ ወደ ሁለተኛው ይተክላል። አሁን የተነሣው መሣሪያ ግን ሲጠብቅ ቆይቶ ቀዝቅዟል፤ የቀዘቀዘ ክላሪኔት ደግሞ ቅኝቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከትልቅ ሶሎ በፊት ተጫዋቹ ድምፅ ሳያሰማ ሞቅ ያለ ትንፋሹን በመሣሪያው ውስጥ ሲያሳልፍ ብታዩት አትደነቁ። የሶሎው የመጀመሪያ ድምፅ ልክ መሆኑ የሚወሰነው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው።

በቤት የሚሠራው ሥራ

ዝግጅት የሚጀምረው መሣሪያውን ከማንሣት በፊት ነው። የተጫዋቹ ወረቀት የእርሱን ድምፆች ብቻ የያዘ ነው። በመሪው ፊት ያለው ሙሉ ኖታ ግን የሁሉንም ይዟል። ሶሎውን ከራሱ ወረቀት ብቻ ያጠና ተጫዋች የንግግሩን ግማሽ ብቻ ያነበበ ሰው ነው።

የፍራንዝ ሹበርትን «ያልተጠናቀቀው» ሲምፎኒ እንመልከት። ሹበርት ይህን ሥራ በ1822 ጀምሮ ሁለቱን ክፍሎች ከጨረሰ በኋላ ተወው፤ ለሕዝብ የቀረበው ደራሲው ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1865 በቪየና ነው። በሁለተኛው ክፍል ቫዮሊኖች ብቻቸውን ጥቂት ረጃጅም ድምፆችን ያሰማሉ። ከዚያም ሌሎቹ የክር መሣሪያዎች ከምቱ እያፈነገጡ ሲመቱ ክላሪኔቱ በለስላሳ ድምፅ ይገባል። በተጫዋቹ ወረቀት ላይ የሚታየው ቀላል ዜማ ነው፤ ጣት የሚያስቸግር ነገር የለበትም። ሙሉ ኖታውን ያየ ግን ሁለት ነገሮችን ይረዳል። አንደኛ፣ ከሥሩ ያለው አጃቢ ምቱን ስለማይመታ፣ ምቱን በውስጡ ተሸክሞ መሄድ ያለበት ክላሪኔቱ ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ዜማውን ከእርሱ ቀጥሎ ኦቦው ይቀበለዋል። ስለዚህ የመጨረሻ ድምፁ መቋጫ ብቻ አይደለም፤ ለባልደረባው የሚያቀብለው ነው። በምን ያህል ድምፅ እንደሚያቀብል፣ በምን ዓይነት ቀለም እንደሚለቅ ከኦቦ ተጫዋቹ ጋር መነጋገር አለበት። ይህን መሪው እስኪነግረው መጠበቅ የለበትም።

ሁለተኛው ሥራ የትንፋሽ ካርታ ነው። እኔ በወጣትነቴ አንድ ካርታ ብቻ ሠራሁ። ዛሬ ለተማሪዎቼ ቢያንስ ሦስት እንዲሠሩ አዝዛቸዋለሁ፤ አንዱ ለፈጠነ፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ እጅግ ለዘገየ ጉዞ የሚሆን ነው። ከዚህም በላይ በእያንዳንዱ ረጅም ሐረግ ውስጥ አንድ «የመጠባበቂያ በር» ይኖራል። ይኸውም በችግር ጊዜ ትንፋሽ ቢወሰድበት ዜማውን እምብዛም የማይጎዳ ቦታ ነው። ተጫዋቹ በሩን በየምሽቱ አይጠቀምበትም፤ መኖሩን ማወቁ ግን ፍርሃቱን ያስታግስለታል። ፍርሃት የሌለበት ትንፋሽ ደግሞ ረጅም ነው።

ሦስተኛው የፍጥነት ስፋት ነው። የቤትሆቨን ስምንተኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል፣ ትሪዮ በሚባለው መካከለኛ ክፍሉ፣ ቀንደ መለከቶቹና ክላሪኔቱ ይነጋገራሉ፤ ከሥራቸው ቼሎ ያለ ዕረፍት ይሮጣል። በመጨረሻም ክላሪኔቱ ብቻውን ወደ ከፍተኛ ድምፅ ይወጣል። ቤትሆቨን በ1817 ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሲምፎኒዎቹ የሜትሮኖም ቁጥር አሳትሟል፤ ለዚህ ክፍል የሰጠው በደቂቃ 126 ምት ነው። ብዙ መሪዎች ከዚህ ዝግ አድርገው መርተውታል። ደራሲው ባዘዘው ቁጥር ልሂድ የሚል መሪም አለ። ክላሪኔት ተጫዋቹ ነገ የሚመጣው መሪ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ዜማው በዝግታ ሲሄድ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ በፍጥነት ሲሄድ የምላስና የጣት ቅልጥፍና ይጠይቃል። በሁለቱም ጊዜ ግን ጨዋነቱንና ፈገግታውን ማጣት የለበትም። ስለዚህ አንድን ሶሎ «አውቀዋለሁ» ለማለት የሚቻለው፣ ከሚወዱት ፍጥነት ወዲህም ወዲያም ሆነው ሲጫወቱት ዜማው ትርጉሙን ሳያጣ ሲቀር ነው።

አራተኛው ሪድ ነው። ሪድ ከአፍ መንፊያው ጋር ታስሮ በትንፋሽ የሚርገበገበው ስስ የሸምበቆ ቁራጭ ሲሆን፣ በስፋት የሚታወቀው ሸምበቆ በደቡብ ፈረንሳይ በቫር አውራጃ የሚበቅለው ነው። ከአንድ ሳጥን ሪድ ውስጥ ለመድረክ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። እነርሱም ቀስ በቀስ መለመድ አለባቸው፤ አየሩ ሲደርቅ ወይም ከፍታው ሲለወጥ ባሕርያቸው ይለወጣል። ከቆላ ወደ አዲስ አበባ ከፍታ የመጣ ተጫዋች ትናንት የታዘዘለት ሪድ ዛሬ ሲያምፅበት ያያል። ልምድ ያለው ሰው እንግዲህ አንድ ምርጥ ሪድ ይዞ አይመጣም። አንዱ ለስላሳ ሐረግ የሚታዘዝ፣ ሌላው ድምፁ ሩቅ የሚደርስ፣ ቢያንስ ሦስት የተፈተኑ ሪዶች ይዞ ይመጣል። የትኛውን እንደሚጠቀም የሚወስነው አዳራሹንና መሪውን ከሰማ በኋላ ነው።

አምስተኛውና ተራ የሚመስለው ጉዳይ ደግሞ የትኛው የሥራው ቅጂ እንደሚቀርብ መጠየቅ ነው። የራክማኒኖፍ ሁለተኛ ሲምፎኒ ሙሉው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ግን መሪዎች ከውስጡ ብዙ እየቆረጡ ያቀርቡት ነበር። አንድሬ ፕሬቪን ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር በ1973 ሳይቆረጥ ካስቀረጹት በኋላ ሙሉውን ማቅረብ እየተለመደ መጣ። በዚያ ቅጂ ውስጥ የሦስተኛውን ክፍል ሶሎ የተጫወተው ጃክ ብራይመር ነው፤ የክላሪኔት ተማሪዎችም እስከ ዛሬ ያዳምጡታል። ብራይመር እንደ አንዳንድ የእንግሊዝ ባልደረቦቹ ድምፁን በልከኛ ርግብግቢት ያሞቀዋል፤ በጀርመንና በኦስትሪያ ኦርኬስትራዎች ግን የተለመደው ቀጥ ያለ ድምፅ ነው። ለተማሪ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ብራይመርን መኮረጅ አይደለም። አንድ ዜማ በሁለት ልማድ ሁለት ልብ እንዳለው ይረዳ፤ ከየትኛው ልማድ የመጣ መሪ እንደገጠመውም ይወቅ።

በልምምድ አዳራሽ ውስጥ

አሁን ተጫዋቹ ተዘጋጅቶ መጥቷል፤ መሪው በፊቱ ቆመዋል። በመካከላቸው ቫዮላዎችና ቼሎዎች ተቀምጠዋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፣ አሥር ሜትር ከራቀ ሙዚቀኛ የሚመጣ ድምፅ ከሰከንድ መቶ እጅ ሦስት ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። ይህ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሙዚቀኛ የሩቅ ባልደረባውን በጆሮ ብቻ ልከተል ቢል መዘግየቱ እየተደራረበ ኦርኬስትራው ይጎተታል። በትሩ የሚያስፈልገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ብርሃን አይዘገይም። ስለዚህ ሶሎ ተጫዋች ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ይይዛል። በዓይኑ በትሩን ያያል፤ በጆሮው ደግሞ ከሥሩ ያለውን አጃቢ ይሰማል። ሁለቱ ባልተስማሙ ጊዜ የትኛውን እንደሚያምን ማወቅ የልምድ ፍሬ ነው።

የመሪ ንግግር ብዙውን ጊዜ በምሳሌ ነው። «ጠቆር ይበል»፣ «ከሩቅ ይምጣ»፣ «እንደ ትዝታ ይሁን» ይላሉ። እነዚህ ቃላት ለጀማሪ ግራ ያጋባሉ፤ ለተዘጋጀ ተጫዋች ግን ወደ ሥራ የሚተረጎሙ ትእዛዞች ናቸው። «ከሩቅ ይምጣ» ሲሉት ድምፁን በምላስ ሳይመታ በአየር ብቻ ይጀምራል። «ጠቆር ይበል» ሲሉት ለአንዳንድ ድምፆች ሌላ የጣት አቀማመጥ ይመርጣል፤ የአፉን ውስጣዊ ቅርጽ ይለውጣል፤ ምናልባትም ሪዱን ይቀይራል። መሪው የሚፈልጉትን ያውቃሉ፤ እንዴት እንደሚገኝ ማወቅ ግን የተጫዋቹ ድርሻ ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል ከተከበረ ብዙ ጠብ አይነሣም።

ጥያቄ ማቅረብም ሥርዓት አለው። የልምምድ ሰዓት የመቶ ሰው ሰዓት ነው። አንድ ተጫዋች በመካከሉ ስለ ራሱ ሐረግ ረጅም ክርክር ቢከፍት፣ ትክክል ቢሆን እንኳ ይሸነፋል። የሚሻለው አጭርና ለመመለስ የሚቻል ጥያቄ ነው፤ «ከዚህ ድምፅ በፊት ልተንፍስ ወይስ በኋላ?» እንደሚለው ያለ። የቀረው በዕረፍት ሰዓት ይነገራል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረዳት ግን መጫወት ነው። አሳብ ያለው ተጫዋች አሳቡን በድምፁ ያቀርበዋል፤ መሪው ከወደዱት ምንም ሳይናገሩ ይቀበሉታል።

መሪውም በበኩላቸው ዕዳ አለባቸው። ሶሎን በእያንዳንዱ ምት እየመቱ የሚመሩ መሪ ተጫዋቹን ያስሩታል። ጥሩ መሪ ጉዞውን ካሳዩ በኋላ እጃቸውን ያሳንሳሉ፤ ትኩረታቸውን ከሶሎው ወደ አጃቢዎቹ ያዞራሉ። የክር መሣሪያዎቹን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ተጫዋቹ ሲተነፍስ አብረው ይተነፍሳሉ።

ውሳኔው የመሪው ብቻ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የቻይኮቭስኪ ስድስተኛ ሲምፎኒ በ1893 በደራሲው መሪነት ቀርቦ፣ ደራሲው ከዘጠኝ ቀን በኋላ አረፈ። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ክላሪኔቱ ዜማውን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይወርዳል፤ የመጨረሻዎቹን አራት ድምፆች ፋጎቱ ይቀበለዋል። በዚያም ስፍራ የለስላሳነት ምልክቱ ስድስት ጊዜ ተደርድሮ ተጽፏል። ፋጎት በዚያ የታችኛው ክልል ያን ያህል ለስላሳ ሆኖ ለመጫወት ይቸገራል። ስለዚህ ብዙ መሪዎች እነዚያን አራት ድምፆች ለባስ ክላሪኔት ይሰጣሉ፤ በጽሑፉ የሚጸኑም አሉ። አንደኛው ክላሪኔት ይህን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ የእርሱ መጥፋት በማን መጥፋት እንደሚቀጥል ካላወቀ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ሊወስን አይችልም። ወዲያው ደግሞ መላው ኦርኬስትራ በድንገት ይፈነዳል። ያ ፍንዳታ የሚያስደነግጠው ከእርሱ በፊት የነበረው ጸጥታ እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው።

ባይስማሙስ?

አለመግባባት አይቀርም። አንዳንዴም የተጫዋቹ አሳብ የሥራው አካል ሆኖ ይቀራል። ጆርጅ ገርሽዊን በ1924 በኒው ዮርክ ያቀረበው «ራፕሶዲ ኢን ብሉ» የሚጀምረው በክላሪኔት ነው። ደራሲው የጻፈው ወደ ላይ የሚሮጥ የድምፆች ሰልፍ ነበር። ሮስ ጎርማን የተባለው ተጫዋች በልምምድ ላይ ድምፆቹን ሳይለያይ እንደሚያንሸራትት አድርጎ በቀልድ ተጫወተው። ገርሽዊን ወደደውና እንዲሁ እንዲያደርገው ነገረው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አከፋፈት ያ ቀልድ ነው።

ሁሉም ክርክር በሳቅ አያልቅም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የበርሊን ፊልሃርሞኒክ መሪ ኸርበርት ፎን ካራያን ወጣቷን ክላሪኔት ተጫዋች ሳቢነ ማየርን ወደ ኦርኬስትራው ማስገባት ፈለጉ። ሙዚቀኞቹ 73 ለ4 በሆነ ድምፅ ተቃወሙ። ያቀረቡት ምክንያት ድምፅዋ ከባልደረቦቿ ጋር አይዋሐድም የሚል ነበር፤ ሌሎች ደግሞ ጉዳዩ ሴት መሆኗ ነው፣ ወይም በመሪውና በኦርኬስትራው መካከል ያለ የሥልጣን ትግል ነው አሉ። ማየር በ1984 ለቅቃ በሶሎ ተጫዋችነት ዝነኛ ሆነች። የክርክሩን ፍርድ ለታሪክ ልተወው። ለእኛ የሚጠቅመው ግን አንድ እውነት ነው፤ ክላሪኔት ተጫዋች የሚገናኘው ከመሪው ጋር ብቻ አይደለም። በግራና በቀኙ ከተቀመጡት ጋር ካልተዋሐደ፣ የመሪ ፍቅር ብቻውን ወንበሩን አያጸናለትም።

መምራትና መቀበል

በአገራችን የዜማ ትምህርት ውስጥ ለዚህ ነገር የሚሆኑ ሁለት ጥሩ ቃላት አሉ፤ መምራትና መቀበል። በቤተ ክርስቲያን መሪው ዜማውን ያነሣል፤ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ከጽሑፉ በላይ የተጻፉት የዜማ ምልክቶችም ከመምህር አፍ ላልሰማ ሰው ብቻቸውን አይናገሩም። የኦርኬስትራ መሪ ከዚህ የሚለየው ራሱ ድምፅ አለማሰማቱ ነው። የሚመራው በዝምታ ነው። ስለዚህ ሶሎ በደረሰ ጊዜ ቦታው ይለዋወጣል፤ ዜማውን የሚያነሣው ተጫዋቹ ይሆናል፤ መሪው ይቀበላል፤ ተቀብሎም ለመቶው ያስተላልፋል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተጫዋቹ ወደ ተቀባይነቱ ይመለሳል። ይህን መለዋወጥ ያለ ቂም የሚያደርጉ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሶሎው ባለቤት አያጣም፤ ሁለት ባለቤት ይኖረዋል።

ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ። «ኦርኬስትራ በቅርባችን ከሌለ ይህን ሁሉ እንዴት እንለማመዳለን?» ይሉኛል። የሚቻለው ብዙ ነው። ሶሎውን ከመጫወታችሁ በፊት ዘምሩት። ከሥሩ ያለውን የባስ መስመር በፒያኖ ተጫወቱ፤ ካልቻላችሁ ጓደኛችሁ ይጫወትላችሁ። ጓደኛችሁን በፊታችሁ አቁማችሁ በእጁ እንዲመራችሁ አድርጉ፤ ሳይነግራችሁም ፍጥነቱን እንዲለውጥ ለምኑት። ለኦርኬስትራ የመግቢያ ፈተና ስትቀርቡ፣ በብዙ ስፍራ ከመጋረጃ ጀርባ ሆናችሁ ብቻችሁን ትጫወታላችሁ። ዳኞቹ ግን የሌለውን አጃቢ በእናንተ ድምፅ ውስጥ ሊሰሙት ይፈልጋሉ። እነርሱ የሚሰሙት እናንተ አስቀድማችሁ የሰማችሁትን ያህል ነው።

ወደ ጀመርኩበት ልመለስና ላብቃ። ከዚያ ልምምድ በኋላ ለኮንሰርቱ አራት ቀን ቀርቶን ነበር። ቀዩን እርሳስ አጥፍቼ ሙሉ ኖታውን ከቤተ መጻሕፍት ተዋስኩና እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሶሎውን በዝግታ፣ በፍጥነት፣ በመካከሉም ተጫወትኩት፤ የመጠባበቂያ በሮቼንም አገኘሁ። በኮንሰርቱ ምሽት መሪው ቫዮሊኖቹን ካሳረፉ በኋላ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ በትሩንም ዝቅ አደረጉ። ጀመርኩ። በአንድ ስፍራ ጥቂት ወደ ፊት ብገፋ የክር መሣሪያዎቹ አብረውኝ መጡ። በልምምድ ወደተሰበርኩበት ቦታ ስደርስ ግን ጉዞው በቅጽበት ረገብ አለ፤ ለአንድ ትንፋሽ የሚበቃ ስፍራ ተከፈተልኝ። ተነፈስኩ፤ ዜማውም ሳይቆረጥ ወጣ።

ያ ስፍራ በአጋጣሚ የተከፈተ መስሎኝ ነበር። ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ ላመሰግናቸው ወደ ክፍላቸው ገባሁ፤ ኖታቸው በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። በክላሪኔቱ መስመር ላይ ትናንሽ የእርሳስ ጭረቶች ተሠርተውበታል። ቀረብ ብዬ አየኋቸው፤ በአራቱ ቀናት ልምምድ የተነፈስኩባቸው ቦታዎች ነበሩ። እኔ ለእርሳቸው ስዘጋጅ እርሳቸውም ለእኔ ይዘጋጁ ኖረዋል።